የሐኪሙን ስም ማን ያስታውሳል?

በ1997 ዓ.ም. የሕክምና ምሩቃን 20ኛ ዓመት መገናኛ ላይ የተደረገ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ከግቢ ትዝታሽ አንድ ነገር አቅርቢ» ሲለኝ ብዙ አሰብኩ። ስለ አናቶሚ ክፍል የሚያወራ ሞልቷል። ስለ ካፌው ሽሮ የሚያወራማ ከዚህ ሁሉ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ እኔ ስለ አንድ ፊልም ላውራ። ግማሾቻችሁ አብራችሁኝ ያያችሁት ነው። መጀመሪያ ቀልድ ይመስላችኋል፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ጊዜው 1992 ዓ.ም. ነው። ስንገባ የጎንደር የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ ስንወጣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ያኔ ገና ኮሌጅ ነን፣ እኛም ሦስተኛ ዓመት ነን። የፓቶሎጂ ፈተና ያለቀ ዕለት፣ ቅዳሜ ማታ፣ ሁለት ሁለት ብር አዋጥተን ከፒያሳ የቪዲዮ ዴክ ከነካሴቱ ተከራየን። ወንዶቹ የጦርነት ፊልም ካልሆነ አሉ፤ ሴቶቹ የፍቅር ካልሆነ አልን። ዕጣ ወጣ። እኛ አሸነፍን። ወንዶቹ አኮረፉ እንጂ አንዳቸውም ተነሥተው አልሄዱም።

ፊልሙ «ላቭ ስቶሪ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ፣ ማናችንም ሳንወለድ የተሠራ ፊልም ነው። ካሴቱ ከመታየት ብዛት አልቆ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ከላይ ነጭ መስመር ይሮጥበታል። ድምፁም አንዳንዴ ውኃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ግን የፒያኖው ዜማ ሲጀምር ላውንጁ ጸጥ አለ። ያን ዜማ የሠራው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ሌ ነው፤ ኦስካር ያገኘበትም በዚህ ፊልም ነው።

ላላያችሁት ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ኦሊቨር የሀብታም ልጅ ነው፤ ሃርቫርድ ይማራል፣ በበረዶ ላይ ሆኪ ይጫወታል። ጄኒ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ናት፤ ሙዚቃ ታጠናለች፣ ምላሷም ስለታም ነው። እሱን ራያን ኦኒል፣ እሷን አሊ ማግሮው ይጫወታሉ። ይዋደዳሉ። አባቱ ይህን ጋብቻ አልወደዱትም፤ ተጋቡና የአባቱ ገንዘብ ቀረ። እሷ ፓሪስ ሄዳ ሙዚቃ ለመማር የነበራትን ዕድል ትታ፣ መምህርት ሆና እሱን ሕግ አስተማረችው። ከዚያ እሱ ተመረቀ፣ ኒው ዮርክ ጥሩ ሥራ ያዘ፣ ኑሮ ቀና አለ። አሁን ልጅ እንውለድ አሉ። ልጅ ግን እምቢ አለ፤ ምርመራ ሄዱ። ደራሲው ኤሪክ ሲጋል መጨረሻውን አይደብቅም፤ ፊልሙ ሲጀምር ልጅቷ መሞቷን ይነግረናል። እኛ ግን እያወቅን ተስፋ እናደርግ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ የዓለምን በሽታ ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። ጄኒ ሲደክማት ገና አንዱ «የደም ማነስ ነው» አለ። ሌላው «ታይሮይድ» አለ። ከኋላ አንድ ድምፅ «ተዉ እባካችሁ፣ ቲቢ ነው!» ሲል ላውንጁ በሳቅ ፈረሰ። ፊልሙ የበሽታውን ስም አይናገርም፤ በሲጋል መጽሐፍ ውስጥ ግን ሉኪሚያ ነው። አሜሪካዊው የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት በዚህ ነገር ቀልዷል። «የአሊ ማግሮው በሽታ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ብቸኛ ምልክቱ በሽተኛዋ እስክትሞት ድረስ እያማረች መሄዷ ነው አለ። ዋርድ የሠራን ሰዎች ይህ ቀልድ ይገባናል። እውነተኛው ሉኪሚያ ማንንም አያሳምርም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የምርመራው ውጤት ሲደርስ ሐኪሙ ጄኒን አልጠራም። ኦሊቨርን ብቻውን ቢሮው ጠራው። ኦሊቨር ልጅ ያልወለዱት በማን ምክንያት እንደሆነ ሊሰማ ነው የሄደው። ሐኪሙ ሚስቱ እንደምትሞት ነገረው። ለእሷ ምንም ሳይል እንደ ወትሮው እንዲኖርም መከረው።

ልክ እዚያ ላይ መብራት ሄደ።

ታስታውሳላችሁ አይደል? «ኧረ በናታችሁ!» የሚለው ጩኸት ከመኝታ ክፍሎቹ ድረስ ተሰማ። ዴኩ በሰዓት ሒሳብ ነው የተከራየነው፤ መብራት ቢኖርም ባይኖርም ይቆጥራል። አንዷ ሻማ አመጣች። ሌላ የምንሠራው ስለሌለ በሻማ ብርሃን ክርክር ጀመርን። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ይነገራት ወይስ አይነገራት?

እኔ ከሁሉ በላይ ጮኬ ተከራከርኩ። «ይደበቅላት!» አልኩ። «ሞቷን ነግረን ከመሞቷ በፊት እንግደላት? ተስፋ ያልነው ነገር እኮ ራሱ መድኃኒት ነው።» ብዙዎቹ አጨበጨቡልኝ። ተቃዋሚዎቹ ጥቂት ነበሩ። አንደኛው አሁን እዚህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፤ ቀዶ ሐኪም ሆኗል፣ ስሙን ከጠራሁ ይኮራብናል። ዝም ብሎ ቆይቶ «በሽታው የማን ነው?» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። እኔም «አንተ ደግሞ፣ ነገር አታወሳስብ» ብዬ አለፍኩት። እጅ አውጥተን ድምፅ ሰጠን። ይደበቅ ያልነው በብዙ አሸነፍን።

ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት መጣ፤ እያፏጨን ቀጠልን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ኦሊቨር ምንም እንዳልተፈጠረ ለመሆን ሞከረ፤ ጄኒ ግን ራሷ ሐኪሙ ጋ ሄዳ እውነቱን አወጣጣችው። ማወቋን ስትነግረው እሱ ወደ ፓሪስ ሊወስዳት አስቦ ነበር፤ እሷ ግን የፈለገችው ፓሪስን ሳይሆን ከእሱ ጋር የቀራትን ጊዜ ነበር። ሕክምናው ተጀመረ፣ ወጪው በዛ፣ ኦሊቨር ለአባቱ ምክንያቱን ሳይናገር ገንዘብ ለመነ። እሷ አልጋዋ ላይ ሆና የቀብሯን ነገር ከአባቷ ጋር ጨረሰች። ባሏንም፣ ፓሪስን ያስቀረሁባት እኔ ነኝ ብሎ ራሱን እንዳይከስስ አደራ አለችው። ከዚያ እቀፈኝ አለችው።

እኛ አለቀስን። ወንዶቹም አለቀሱ፤ «ጭሱ ነው» አሉ፤ የሻማው ጭስ ከሁለት ሰዓት በኋላ! ግን ያን ምሽት ከእኛ አንዳችንም፣ ድምፅ የሰጠንበትን ጉዳይ ፊልሙ ራሱ እንደመለሰው ልብ አላልንም። እኔማ ጨርሶ።

ተመረቅን፣ ዕጣ አወጣን፣ ተበተንን። በ1999 ዓ.ም. እኔ ከአንድ ከተማ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ነበርኩ፤ የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። የዚያን ዓመት ሚያዝያ አንዲት መምህርት መጣች። ዕድሜዋ ከሃያዎቹ መጨረሻ አያልፍም፤ ካገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ትኩሳት አላት፣ ነጥታለች፣ ድዷ ይደማል፣ እግሯ ላይ ነጠብጣብ ወጥቷል። የላቦራቶሪ ባለሙያው ስላይዱን አይቶ ራሱ እየሮጠ መጣ። «ዶክተር፣ ነይ እዪው» አለኝ። በማይክሮስኮፑ አየሁ። ብላስት ሴሎች ሞልተውታል። ካንሰር የሚታከምበት ቦታ ያኔ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ነው። የሪፈር ወረቀት መጻፍ ጀመርኩ።

ባሏና ወንድሟ ከክፍሉ ውጪ ጠበቁኝ። ነገርኳቸው። ባሏ ግድግዳውን ተደገፈ። ወንድሟ ግን እጄን ይዞ «ዶክተር፣ በልጅሽ፣ በእናትሽ፣ ለእሷ እንዳትነግሪብን። ከሰማች በድንጋጤ ትሞትብናለች» አለኝ። ያኔ ልጅ አልነበረኝም። እናቴን ግን ጠራብኝ። እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ያን ነገር ለእሷ ከመናገር ስለገላገሉኝ ደስ አለኝ። ደግነት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት እንጂ ፍርሃት ነበር።

ገባሁ። «ምንድን ነው ያገኛችሁት?» አለችኝ። «የደም ማነስ ነው፤ ለተሻለ ምርመራ አዲስ አበባ እንልክሻለን» አልኳት። ፈገግ አለች። «ለደም ማነስ አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬደኝ? ተማሪዎቼ በሰኔ ሚኒስትሪ ይፈተናሉ። እነሱን ላስፈትንና እሄዳለሁ። ደም ስጡኝና ልውጣ» አለች።

ምን ልበላት? የነገርኳት በሽታ በእርግጥ እስከ ሰኔ ይጠብቃል። ያልነገርኳት ግን አይጠብቅም። እኔ ለመንኩ፣ ባሏ ለመነ፣ ወንድሟ ተቆጣ። እሷ ምክንያቱን ስትጠይቅ ሁላችንም ወለሉን እናያለን። ደም ሰጠናት፤ ትንሽ ሲሻላት ጭራሽ የልጆቹን የልምምድ ፈተና አስመጥታ አልጋዋ ላይ ማረም ጀመረች። በዚህ ሁኔታ አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። እናቷ የአንድ ቀን መንገድ ርቀው በገጠር ይኖሩ ነበር። እንጥራቸው ስል «እናቷ ድንገት ከመጡ ትጠረጥራለች» ተባለ። አልተጠሩም።

በአሥራ ሦስተኛው ሌሊት ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ንጋት ላይ አረፈች። እናቷ የደረሱት ለቀብር ነው።

አዲስ አበባ ብትሄድ ትድን ነበር አልልም። በጊዜው በነበረን አቅም ዕድሏ ጠባብ ነበር። ግን ጠባቡ ዕድል የእሷ ነበር። እኔ ሳላማክራት ወሰድኩባት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን እናድጋለን፤ ተረቱ የሚወቅሰው በሽተኛውን ነው። በሽታውን ከበሽተኛው የሚደብቅ ሐኪም ይመጣል ብሎ ተረቱ ራሱ አላሰበም።

ከቀብሩ በኋላ ዋርዱን የሚያጸዱት እናት ጥግ ላይ ያዙኝ። «ልጄ፣ አታልቅሺ፤ እሷ እኮ ታውቅ ነበር» አሉኝ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሌሊት ሌሊት ሲያጫውቷት ነግራቸዋለች። «ዶክተሯ መዋሸት አትችልም፣ ታሳዝነኛለች። ባሌም እንዳያዝን ዝም ብያለሁ። እናቴን ግን ባያት» ብላቸው ነበር። እናቴን ግን ባያት! ያን ቃል ለእኔ፣ ለባሏ፣ ለወንድሟ መናገር አልቻለችም። ማወቋን ከተናገረች እኛ እንፈርሳለን ብላ ፈራች። እኛ እሷን እየጠበቅን፣ እሷ እኛን እየጠበቀች፣ ሁላችንም ለየብቻችን ቀረን።

ራያን ኦኒል እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ አረፈ። ዜናውን ስሰማ ያ ላውንጅ ትዝ አለኝና ፊልሙን ፈልጌ፣ ከዲዩቲ መልስ፣ ቤቴ ብቻዬን አየሁት። በሃያ ዓመቴ ፍቅሩን ነበር ያየሁት። አሁን ያየሁት ሐኪሙን ነው። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚታየው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁ ለስላሳ ነው። ስሙን ግን ማን ያስታውሳል? እኔም አላስታወስኩትም። ሥራውን ግን ደገምኩት።

ያ ሐኪም የዘመኑ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ዶናልድ ኦከን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም 219 ሐኪሞችን ጠይቆ፣ ከመቶ 90 ያህሉ ካንሰር መሆኑን ለታማሚው ላለመንገር እንደሚመርጡ አገኘ። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሌሎች ተመራማሪዎች ሲጠይቁ ደግሞ ከመቶ 97ቱ እንነግራለን አሉ። «ላቭ ስቶሪ» የወጣው በሁለቱ መካከል ነው። ይህን የምነግራችሁ ፈረንጅ ትክክል ነው፣ እኛ ኋላ ቀር ነን ለማለት አይደለም። እነሱም ትናንት እንደኛ እንደነበሩና በሃያ ዓመት ውስጥ እንደተለወጡ ለማሳየት ነው። የእኛም አስታማሚ ቢሆን ክፉ ሰው አይደለም። ያ ወንድም እህቱን ይወድ ነበር።

ደግሞም እኛ ክፉ ወሬ መናገር የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። መርዶን አስቡ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሰዓት ይመረጣል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ ዘመድና ጎረቤት ቀድሞ ይሰባሰባል። የሚነገረው ሰው ቢወድቅ የሚያነሣው እጅ ከጎኑ አለ። ከነገሩትም በኋላ ጥለውት አይሄዱም፤ አብረውት ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሞ ዛሬ ወጣት መምህራኖቻችን የሚያስተምሩትን ባለ ስድስት ደረጃ የክፉ ዜና አነጋገር ሳነብ፣ ቦታ አዘጋጅ፣ ማን አብሮ ይሁን በል፣ ስሜቱን ተቀበል፣ ቀጣዩን አብራችሁ አቅዱ ሲል፣ «ይህንንማ አያቴም ታውቀዋለች» አልኩ። አንድ ነገር ብቻ አያቴ ጋ የለም። እኛ ይህን ሁሉ ጥበብ ያዋልነው ለሟች ዘመድ ነው። ሊሞት ላለው፣ ገና ሊሰናበት ለሚችለው ሰው ግን ነፈግነው።

እኔ አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ውጤት ከመምጣቱ በፊት፣ ገና ናሙና ስወስድ፣ ታማሚውን እጠይቃለሁ፦ «ውጤቱ ሲመጣ ለእርስዎ ልንገር? ወይስ ለሌላ ሰው? ማን አብሮዎት ይሁን?» አንዳንዱ «ለልጄ ንገሪው፣ እኔ አልችልም» ይላል። ያን አከብራለሁ፤ አለማወቅም የእሱ ምርጫ ነው። አብዛኛው ግን «ለእኔ» ይላል። ቤተሰቡ «እንዳትነግሪ» ሲለኝ አልቆጣም። ወንበር ስቤ እቀመጥና «የሚያስፈራችሁ ምንድን ነው?» እላለሁ። ከዚያ «አልዋሽም፤ ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ፤ ስነግራት ግን ከጎኗ ሁኑልኝ» እላለሁ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ታማሚዋ «አውቄዋለሁ» ትላለች። ከዚያ ቤተሰቡ አብሮ ያለቅሳል። ከዚያ ደግሞ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ቤቱ ካርታ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ እናት መነጋገር ይጀምራሉ። ጄኒ ከአባቷ ጋር እንደተነጋገረችው ማለት ነው። ያቺ መምህርት ግን ያን ዕድል አላገኘችም።

ሁልጊዜ ይሳካልኛል አላልኩም። ባለፈው ዓመት እንኳ አንድ አባት እውነቱን ነግሬያቸው ለሦስት ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን «ጠበቃ ጥሪልኝ» አሉ። ኑዛዜ ሊጽፉ ነበር። ሦስቱን ቀን መቀመጥ ነበረብኝ፤ ተቀመጥኩ።

መምህሮቻችን፣ ጉበትን በእጃችን እንድንዳስስ፣ የልብን ድምፅ በጆሯችን እንድንለይ አስተምራችሁናል፤ እድሜ ይስጥልን። አንድ ልመና አለኝ። ተማሪው ይህን በክፍል ተምሮ፣ ተፈትኖ ብቻ እንዳይቀር። ለታማሚ ስትነግሩ ከጎናችሁ ይቀመጥ። እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ ይይ። እኔ ማንም ሲናገር ሳላይ ነው የተመረቅኩት፤ ያየሁት የፊልሙን ሐኪም ብቻ ነበር፤ ባየሁትም ሠራሁ።

የክፍል ጓደኞቼ፣ ያን ማታ ካሴቱን ሳናጠነጥን መለስነውና ባለቤቱ ቅጣት አስከፍሎናል፤ የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ እስካሁን ድርሻችሁን አላመጣችሁም። ዕዳውን ምሬያችኋለሁ። በምትኩ አንድ ነገር ይመዝገብልኝ። በሻማው ብርሃን ድምፅ ስንሰጥ እጄን ለ«ይደበቅላት» አውጥቼ ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለኸው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ለመመለስ ሰባት ዓመትና አንዲት ነፍስ ፈጀብኝ። በሽታው የእሷ ነበር። ድምፄን ቀይሬያለሁ።